የኤዲስቶን የመብራት ማማ ታሪክ፦ ሦስተኛው ማማ ወደቀ ወይስ እንዲነሣ ተደረገ?

ጥያቄ — የግንባታ ተማሪ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የግንባታ ምህንድስና የምማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በባሕር ላይ ስለተሠሩ ቆየት ያሉ ግንባታዎች ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዤ የኤዲስቶንን የመብራት ማማ መርጫለሁ። ማማው የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ ከፕሊማውዝ ወደብ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ ገባ ብሎ፣ ውኃው ሲሞላ አብዛኛው አካሉ በሚሸፈን የአለት ክምር ላይ ነው። በዚያ ቦታ በየዘመኑ አራት ማማዎች እንደተሠሩና ዛሬ አገልግሎት የሚሰጠው አራተኛው እንደሆነ አንብቤያለሁ።

ግራ ያጋባኝ የሦስተኛው ማማ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ጆን ስሚተን የተባለው መሐንዲስ የሠራውን ይህን ማማ ለባሕር ላይ ግንባታ ሁሉ እንደ አርአያ ያቀርበዋል፤ ሌላው ደግሞ ከ123 ዓመት አገልግሎት በኋላ ስለተናወጠ ፈርሶ እንደተነሣ ይናገራል። የተናወጠ ግንባታ እንዴት አርአያ ይባላል? ጥፋቱ የመሐንዲሱ ነበር ወይስ የሌላ?

ነገሩ ይበልጥ የከነከነኝ በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው። ባለፈው ክረምት አዌቱ ወንዝ ሲሞላ፣ በሰፈራችን ዳርቻውን የያዘ አንድ የድንጋይ ግንብ እንዳለ ወደ ውኃው አዘነበለ። ግንቡ አልተሰነጠቀም፤ ድንጋይ ከድንጋይ አልተላቀቀም። ውኃው ጎድሎ ቀርቤ ስመለከት ግን ከመሠረቱ ሥር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ የሚያስገባ ጉድጓድ ተቦርቡሮ አገኘሁ። ግንበኛውን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ግን ግንቡን ሳየው ሥራው የተበላሸ አልመሰለኝም። የማማውንም ታሪክ ሳነብ ይኸው ግንብ እየመጣ ፊቴ ይደቀናል። የምታውቁ ሁሉ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።


መልስ — የግንባታ መምህር

ልጄ፣ የጠየቅሽው ጥያቄ የዚህ ማማ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያውን ማማ የሠራው ሄንሪ ዊንስታንሊ ነው። ሰውየው መሐንዲስ አልነበረም፤ በመዳብ ላይ ሥዕል የሚቀርጽ፣ በልዩ ልዩ የብልሃት ሥራዎቹም የታወቀ ሰው ነበር። ሥራውን በ1696 ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጦርነት ላይ ስለነበሩ፣ አንድ የፈረንሳይ መርከብ መጥቶ ዊንስታንሊን ከአለቱ ላይ ማርኮ ወሰደው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ይህን ሲሰማ ግን መብራቱ የሚጠቅመው የሁሉንም አገር መርከበኛ ስለሆነ ሰውየው በነፃ እንዲለቀቅ አዘዘ። ማማው በኖቬምበር 1698 ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። የመጀመሪያው ክረምት ብርቱ ጉዳት ስላደረሰበት በማግሥቱ ዓመት ዙሪያውን አወፍሮ፣ ቁመቱን ጨምሮ፣ በረንዳና ጌጥ አብዝቶ እንደ ገና ሠራው። ለእኔ እንደሚመስለኝ የዊንስታንሊ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነፋስና ማዕበል የሚይዙት ነገር በበዛ ቁጥር የሚገፉበት ጉልበትም ይበዛል። በኖቬምበር 1703 በእንግሊዝ ታሪክ ታላቁ ማዕበል የሚባለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መርከበኞችን የፈጀው አውሎ ነፋስ ሲነሣ፣ ዊንስታንሊ ለጥገና ሠራተኞቹን ይዞ ማማው ላይ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከአለቱ ላይ ከጥቂት የታጠፉ ብረቶች በቀር ማማውም ሰዎቹም አልተገኙም።

ሁለተኛው የጆን ራድየርድ ሥራ ሲሆን፣ እርሱም ለንደን ውስጥ ሐር የሚነግድ ሰው ነበር። በ1709 የተጠናቀቀው ይህ ማማ ጌጥ የሌለው፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ውስጡ በድንጋይ የከበደ፣ ውጪው ግን በእንጨት የተለበጠ ነበር። 46 ዓመት ቆመ። ያጠፋው ባሕሩ ሳይሆን እሳት ነው። በዲሴምበር 1755 አንድ ሌሊት መብራቱ ያለበት ክፍል ጣራ ተያያዘ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሄንሪ ሆል የተባለ፣ ዕድሜው 94 እንደነበር የሚነገርለት ሽማግሌ፣ ቀና ብሎ ውኃ ወደ ላይ ሲረጭ የጣራው እርሳስ ቀልጦ ወረደበት፤ የተወሰነውም በአፉ ገባ። ሦስቱም ጠባቂዎች በጀልባ ተርፈው ወደ የብስ ደረሱ። ሽማግሌው እርሳስ ውጫለሁ ብሎ ቢናገር የሚያምነው አጣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሞት ግን ሐኪሙ ከሆዱ 200 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ ጥፍጥፍ አወጣ። ያ እርሳስ ዛሬም በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል።

ከዚህ በኋላ ነው ስሚተን የመጣው። በ1724 የተወለደው ይህ ሰው ሥራው ሲሰጠው ዕድሜው ገና 30ዎቹን መጀመሩ ነበር፤ ቀድሞ የሚታወቀውም በመለኪያ መሣሪያ ሠሪነቱ ነው። የብዙ ሰው አስተያየት እንጨት ከማዕበል ጋር ስለሚለዝብ ድንጋይ ግን ስለሚሰበር፣ አዲሱም ማማ ከእንጨት ይሠራ የሚል ነበር። ስሚተን ይህን አልተቀበለም። ክብደት ከሌለ ባሕሩ ያነሣዋል፣ ስለዚህ ማማው ሙሉ በሙሉ ድንጋይ መሆን አለበት፣ ድንጋዩም ተነጣጥሎ እንዳይወጣ እርስ በርሱ መቆላለፍ አለበት ብሎ ተነሣ።

በ1756 ሠራተኞቹ ያዘነበለውን አለት በእጅ እየፈለጡ እንደ ደረጃ ጠረቡት። አለቱ ውስጡ እንዳይሰነጠቅ በመሥጋት በባሩድ አላፈነዱትም። በአለቱ ላይ መሥራት የሚቻለው በበጋ ወራት፣ ያውም ውኃው በጎደለባቸውና ባሕሩ ጸጥ ባለባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለነበር፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው ፕሊማውዝ ላይ ነው። እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ መጀመሪያ በየብስ ላይ ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ ይታያል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይፈታና በጀልባ ይወሰዳል። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነው የመጀመሪያው ድንጋይ በጁን 1757 ተቀመጠ። ጠቅላላው የድንጋይ ብዛት 1,493 ሲሆን፣ ውጪው ከኮርንዎል የመጣ ግራናይት፣ ውስጡ ደግሞ ለመጥረብ የሚቀለው የፖርትላንድ ድንጋይ ነበር። የታችኛው ክፍል አንዳች ባዶ ቦታ የሌለው ድፍን ነው። ማማው በኦክቶበር 16 ቀን 1759 በ24 ሻማዎች ብርሃን ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ እመለሳለሁ። በ1870ዎቹ፣ ትልልቅ ማዕበል በመታው ቁጥር ማማው እንደሚወዛወዝ ጠባቂዎቹ ማስታወቅ ጀመሩ። ሲመረመር የድንጋዩ ግንብ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የተበላው ከሥሩ ያለው አለት ነበር፤ ባሕሩ ለዘመናት እየገባ እየወጣ አለቱን ከታች ቦርቡሮታል። ስለዚህ ማማው አልወደቀም፤ በላዩ ያለው ሥራ ሳይላላ የሚያርፍበት ነገር ስለከዳው እንዲነሣ ተወሰነ። አንቺ ክንድሽን አስገብተሽ ያየሽው ጉድጓድ በትንሹ ያው ነው።

አራተኛውን ማማ ጄምስ ዳግላስ በአጠገቡ ባለ ጤናማ አለት ላይ ከ1878 ጀምሮ ሠርቶ በሜይ 1882 አስመረቀ። ቁመቱ 49 ሜትር ነው። ዳግላስ ከስሚተን የተማረውን ሁሉ ይዞ አንድ ነገር ለወጠ፤ የስሚተን ማማ ከሥሩ እንደ ግንድ ቀስ ብሎ ስለሚታጠፍ ማዕበሉ በዚያ መታጠፊያ ላይ ተንደርድሮ እስከ መብራቱ ይወጣ ነበር፤ ዳግላስ ግን ከሥሩ ቀጥ ያለ ድፍን ክብ መደብ አድርጎ ማዕበሉ እዚያው እንዲሰበር አደረገ። ለጽሑፍሽ ይህን ንጽጽር በሥዕል ብታስደግፊው መልካም ይመስለኛል።


መልስ — ጡረተኛ መርከበኛ

የመምህሩን ማብራሪያ በደስታ አነበብሁ። እኔ የግንባታ ሰው አይደለሁም፤ የጅማ ልጅ ሆኜ፣ ባሕር ያየሁት ከ20 ዓመቴ በኋላ ሆኖ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ግን በመርከብ ላይ ነው። ኤዲስቶንን በዓይኔ ስላየሁት ያየሁትን ለመናገር ብቻ ነው የምጽፈው።

በ1978 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ መርከባችን ከማዕበል ሸሽታ ወደ ፕሊማውዝ አቅጣጫ በተጠጋችበት ሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ሰማዩ ከባሕሩ አይለይም፤ ዝናቡ መስኮቱን ይገርፈዋል። ከፊታችን በስተግራ አንድ ነጭ ብርሃን ብልጭ አለ፤ ወዲያው ደገመና ጠፋ። አለቃዬ «ቁጠር» አለኝ። የእጅ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርሁ፤ ሁለት ብልጭታ፣ ከዚያ ጨለማ፣ በየ10 ሰኮንዱ እንደ ገና ሁለት ብልጭታ። በካርታው ላይ ስንፈልግ ሁለት ብልጭታ በ10 ሰኮንድ የተጻፈው ከኤዲስቶን አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንዳለን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገንም።

ልጄ፣ በጽሑፍሽ ውስጥ ይህን ነገር እንዳትዘልዪው እለምንሻለሁ። የመብራት ማማ እንደ መንገድ መብራት ፊትን ለማሳየት የሚበራ አይደለም። እያንዳንዱ ማማ የራሱ የሆነ የብልጭታ ቁጥርና ጊዜ አለው፤ እንደ ሰው ድምፅ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ማን እንደተናገረ ትለዪበታለሽ። ቀን ቀን ደግሞ በቀለሙና በቅርጹ ይለያል። ስሚተን 24 ሻማ ባበራበት ዘመን መብራቱ የማይቋረጥ ስለነበር መርከበኛው ከሌላ እሳት የሚለይበት መንገድ ብዙ አልነበረም። ማዞሪያ ያለው መስተዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ሩቅ የሚልከው የፍሬኔል ሌንስ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመጣ በኋላ ነው የመብራት ማማዎች እንዲህ በየራሳቸው ብልጭታ የተለዩት።

የኤዲስቶን አለት የሚያስፈራበትም ምክንያት ይኸው ነው። ከሩቅ የሚታይ ደሴት ቢሆን ኖሮ ማንም ይሸሸው ነበር። እርሱ ግን ወደ ትልቅ ወደብ በሚወስደው መንገድ መካከል፣ ውኃው ሲሞላ የሚደበቅ፣ ሲጎድል ጥርሱን የሚያሳይ አለት ነው። በዊንስታንሊ ዘመን፣ መብራቱ በበራባቸው 5 ዓመታት አንድም መርከብ እዚያ እንዳልተሰበረ ይነገራል፤ ማማው በ1703 ከተወሰደ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ አንድ የንግድ መርከብ በዚያው አለት ላይ ተሰብሮ አለቀ።

እኔ ባለፍሁበት ሌሊት ማማው ላይ ሰው አልነበረም። ከ1982 ጀምሮ በእነርሱ አቆጣጠር መብራቱ በራሱ እንዲሠራ ተደርጎ ጠባቂዎቹ ወጥተዋል፤ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት መድረክም ከመብራቱ አናት በላይ ተሠርቶለታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሌሊት ግን አንድ ሰው ነቅቶ የሚጠብቀን መስሎኝ በልቤ አመስግኜው ነበር።


መልስ — የእንጨት ባለሙያ፣ ጅሬን

እኅቴ፣ ጥያቄሽ የድንጋይ ቢሆንም የእንጨት ሠሪ የሚናገረው አያጣም። ቤቴ ጅሬን ነው፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙ አይርቅም፤ የእንጨት ሥራ ስንት ዘመን እንደሚቆም ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ እያየሁ አድጌያለሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ማማ በእሳት ስለጠፋ ብቻ እንደ ከንቱ ሥራ እንዳይታይ ስለ ራድየርድ ጥቂት ልበል።

ራድየርድ የሠራው በመርከብ አናጺዎች ነው። ጠንካራ የኦክ ሳንቃ በቁሙ እየገጠሙ፣ መጋጠሚያውን እንደ መርከብ ሆድ በቅጥራን እየደፈኑ አወጡት። ከአለቱ ጋር ያያያዙበት መንገድ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። በአለቱ ውስጥ አፉ ጠበብ፣ ታችኛው ሰፋ ያለ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀለጠ ሞራ ያፈስሳሉ፤ የጋለ ብረት ሲያስገቡበት ሞራው ተገፍቶ በየቀዳዳው ይሞላል፤ በመጨረሻ የቀለጠ የቆርቆሮ ቅይጥ ሲጨመርበት ከባድ ስለሆነ ሞራውን እያነሣ ከሥር ይገባና ይረጋል። ሞራው የጨው ውኃ ወደ ብረቱ እንዳይደርስ ይከለክላል። ይህን ያሰበ ሰው ሐር ነጋዴ ነበር ቢሉኝ እስካሁን ይደንቀኛል። እርግጥ ነው፣ እንጨቱን የባሕር ትል ይበላው ስለነበር ሳንቃው በየጊዜው መቀየር ነበረበት፤ ትልን የሚያውቅ አናጺ ይህን አይክድም።

ስሚተንም ያንኑ የአፈ ጠባብ ጉድጓድ ብልሃት ወስዶ ለድንጋይ አዋለው። አንቺ በሥዕል አይተሽው ይሆናል፤ እኔ ግን በመሳቢያ ላይ ስለምሠራው በእጄ አውቀዋለሁ። የአንዱ ሳንቃ ጫፍ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው ሳንቃ ላይ በዚያው ልክ በመሮ ይፈለፈላል፤ ሁለቱ ከላይ ወደ ታች ሲገቡ ይገጥማሉ፣ ወደ ጎን ግን በምንም ጉልበት አይላቀቁም። ሚስማርም ሙጫም ባይኖር ይይዛል። የስሚተን ድንጋዮች እንዲህ ናቸው፤ በአንድ ረድፍ ላይ ያሉት ሁሉ ጎን ለጎን በዚህ ጥርስ የተቆላለፉ ስለሆኑ፣ ማዕበሉ አንዱን ድንጋይ ለመንቀል ረድፉን በሙሉ መንቀል አለበት። አንዱን ረድፍ ከበላዩ ካለው ጋር ለማያያዝ ደግሞ የእምነ በረድ ችካል በመካከላቸው አቆመ፤ ማያያዣው እስኪደርቅ ድረስ እንዳይነቃነቁ በኦክ ሽብልቅና ችካል አጠበቃቸው።

ስሚተን የማማውን ቅርጽ ያሰበው ከኦክ ዛፍ ግንድ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ከሥሩ ሰፊ ነው፣ ወገቡ ላይ ይሰበሰባል፣ ነፋስ እምብዛም አይጥለውም። እዚህ ላይ ከሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። ጅማ ውስጥ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ መጋጠሚያ የለውም፤ ለዚህም ነው አያት የተቀመጠበትን የልጅ ልጅ የሚቀመጥበት። ስሚተን 1,493 ድንጋይ ይዞ ሊያደርግ የፈለገው ከአንድ ግንድ የወጣ ማስመሰል ብቻ ሳይሆን በእውነት አንድ ግንድ ማድረግ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ዛፍ ሥር አለው፣ ሥሩም አፈሩን ጨምድዶ ይይዛል፤ ማማው ግን የሚቆመው በክብደቱ ነው። አለቱ ሲቦረቦር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥር ይሰድድ ነበር።


ጥያቄ — የግንባታ ተማሪ፣ ጅማ

መምህር፣ አባባ፣ ወንድሜም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባባን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ስለ ብልጭታው አንድ ሙሉ ክፍል እጽፋለሁ።

መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። በዚያ ዘመን እኛ የምናውቀው ሲሚንቶ አልነበረም። ኖራ ደግሞ እንዲደርቅ አየር ይፈልጋል፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ ተገንብተው እስከ ዛሬ የቆሙት በደረቅ ምድር ላይ ስለሆኑ ነው ብዬ እገምታለሁ። ስሚተን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ባሕር በሚያጥበው ድንጋይ መካከል የጨመረው ምንድን ነው? ማያያዣው ሳይጠነክር እንዴት አልታጠበም?


መልስ — የግንባታ መምህር

ይህን ጥያቄ ባትጠይቂኝ ኖሮ ራሴ እመለስበት ነበር፤ ስሚተን ለዓለም ከተወው ሁሉ ትልቁ ይኸው ነውና።

ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ስለሚመለስ ነው። ውኃ ውስጥ ከገባ ያን አያገኝም፤ ለዓመታት እንደ እርጎ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ይታጠባል። ስሚተን በ1756 ከየቦታው የኖራ ድንጋይ አስመጥቶ እያቃጠለ፣ ከአሸዋና ከሌላ ነገር ጋር እያቦካ፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ድቡልቡል እየሠራ ውኃ ውስጥ ያስቀምጥና የትኛዋ እንደምትጠነክር፣ የትኛዋ እንደምትፈርስ ይመለከት ነበር። በዚያን ጊዜ ግንበኛው ሁሉ የሚያምነው ኖራ የሚጠነክረው የወጣበት ድንጋይ ጠንካራ ሲሆን ነው ብሎ ነው። ስሚተን ጠንካራውንም ለስላሳውንም ድንጋይ ሲፈትን ይህ እውነት ሆኖ አላገኘውም። ልዩነቱን ለማወቅ ድንጋዮቹን በአሲድ አሟሟቸው። ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ የሚሰጡት ድንጋዮች ሁሉ ከሟሙ በኋላ ከሥር የሸክላ አፈር ዝቃጭ ይተዋሉ፤ ሌሎቹ አይተዉም። ምሥጢሩ ሸክላው ነበር። ዛሬ በኬሚስትሪ እንደምናውቀው፣ በሸክላው ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና ከኖራው ጋር በእሳት ከተዋሐዱ በኋላ የሚያጠነክራቸው ራሱ ውኃው ነው፤ አየር አያስፈልጋቸውም።

የመረጠው ኖራ በዌልስ ደቡብ ጠረፍ ከሚገኘው ከአበርቶ የመጣውን ነው። ከእርሱ ጋር በእኩል መጠን የቀላቀለው ከጣሊያን የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲሆን፣ ስሙም ፖዞላና ይባላል። ጥንታዊ ሮማውያን በባሕር ውስጥ ወደብ የሠሩበት ይኸው አመድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ናፖሊ አጠገብ ካለችው ከፖዙዎሊ ከተማ ነው። አንድ ነጋዴ ለሌላ ሥራ አስመጥቶ ሳይሸጥለት የቀረ ፖዞላና እዚያው ፕሊማውዝ ውስጥ ተከማችቶ ስለነበር ስሚተን ብዙ ሳይደክም አገኘው።

ማያያዣው እስኪጠነክር እንዳይታጠብ ላልሽው፣ መፍትሔው ጄሶ ነበር። ጄሶ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ ነገር ግን በባሕር ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ሠራተኞቹ የመጋጠሚያውን አፍ ከውጪ በጄሶ ይመርጉታል፣ ጄሶው የመጀመሪያዎቹን ማዕበሎች ይመክታል፣ እርሱ እስኪያልቅ ድረስ ከውስጥ ያለው ማያያዣ ይጠነክራል።

ስሚተን ይህ ማያያዣ በጥንካሬና በዕድሜ ከምርጡ የፖርትላንድ ድንጋይ ጋር የሚተካከል እንደሆነ ጽፏል። በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ ኖራና ሸክላ አዋህዶ በማቃጠል የሠራውን ማያያዣ ሲያስመዘግብ «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» ብሎ የሰየመው በዚያው ድንጋይ ስም ነው። አሁን ደግሞ ወጣ ብለሽ ከሰፈርሽ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ተመልከቺ፤ ፒፒሲ የተባለው የሦስት ቃላት አኅጽሮት ነው፣ ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ። በውስጡ የተፈጨው ፖዞላናም ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የኤዲስቶን ማማ ሁለቱም ስሞች በየቀኑ በእጃችን ያልፋሉ።

ስለ ግንቡ ያልሽውንም አልረሳሁም። ግንበኛው በግንቡ ሥራ ላይወቀስ ይችላል፤ ነገር ግን መሠረቱን ወንዙ ሲሞላ ከሚቦረብርበት ጥልቀት በታች ካላወረደው ወይም ከፊቱ የድንጋይ መከላከያ ካላደረገ ጥያቄ ይነሣበታል። በስሚተን ዘመን አለቱ ከውኃ በታች ምን እንደሚመስል ወርዶ የሚያይበት መሣሪያ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። እኛ ግን አዌቱ ሲጎድል ወርደን ማየት እንችላለን። በጋ ሲሆን ሜትርሽን ይዘሽ የጉድጓዱን ጥልቀትና ርዝመት ለኪና ላኪልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።


መልስ — ጡረተኛ መርከበኛ

መምህሩ ካሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ተማሪዋ ማማው «ፈርሶ እንደተነሣ» ስለጻፈች። የስሚተን ማማ የተጣለ አይደለም። አራተኛው ማማ ከበራ በኋላ የፕሊማውዝ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የላይኛውን ክፍል ድንጋይ በድንጋይ አስፈቱት፣ ወደ ከተማቸውም አምጥተው፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ሆ ከሚባለው ሜዳ ላይ በአዲስ መሠረት እንደ ገና አቆሙት። ስሚተን ማማውን በሚሠራበት ጊዜ፣ ማዕበል ባደረ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በመነጽር ወደ አለቱ የሚመለከተው ከዚያው ሜዳ ላይ ነበር ይባላል። ዛሬ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ጎብኚ ይወጣበታል።

የታችኛው ድፍን ክፍል ግን እዚያው አለቱ ላይ ቀርቷል። እኛ ባለፍንበት ሌሊት አልታየኝም፤ ሲነጋ፣ ማዕበሉ በርዶ ከወደቡ ስንወጣ ግን አየሁት። ከረጅሙ ማማ ጎን አጭር የድንጋይ ጉቶ ቆሟል። ማዕበሉ ሲመታው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ውኃው ሲንሸራተት እንደ ገና ብቅ ይላል።


ምላሽ — የግንባታ ተማሪ፣ ጅማ

አባባ፣ ታዲያ አለቱ ተቦርቡሮ ማማውን መሸከም ካቃተው ጉቶው ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ እንዴት ቆመ? መምህር፣ ማማው ሲያጥር ማዕበሉ አናቱን ገፍቶ ከሥር የሚያናውጥበት ጉልበት ስለቀነሰ ይመስለኛል፤ ቁመቱንና የሥሩን ስፋት ይዤ ዛሬ ማታ አሰላውና ውጤቱን ነገ ጠዋት እልክልዎታለሁ።